የዋልያው ጠረን

ከጂድዓን ቀድሞ የደረሰው ሽታው ነበር። ዋድሓ ሁለት የውሃ ስልቻ የጫነችውን ነጭ አህያዋን እየነዳች ከጉድጓዱ ስትመለስ፣ የጠዋቱ ነፋስ በቀይ ቋጥኞቹ መሀል ዞሮ ፊቷን መታትና ባለችበት ቆመች። የአውራ ዋልያ ሽታ ነው። ያውም በስሪያ ወቅት ጢሙንና ደረቱን በገዛ ሽንቱ ሲያርስ የከረመ አውራ። ከአዳኝ ባል ጋር ሃያ ስምንት ዓመት የኖረች ሴት ይህን አትስትም። አህያዋን በበትሯ ጫፍ ጎሸም አድርጋ ወደ ድንኳኖቹ ገሰገሰች።

ጂድዓን ከተራራው ሲወርድ በአንድ ትከሻው በክር እሳት የሚተኮሰውን ነፍጥ፣ በሌላው የቆዳ ጥቅል ተሸክሞ ነበር። የዋልያውን ራስ ቀንዱን ይዞ ያንጠለጥለዋል። ሌሊቱን ተራራ ላይ አድሮ ከንፈሩ ደርቋል፤ ፊቱ ላይ ግን ዋድሓ ዐሥራ ሦስት ወር ሙሉ ያላየችው ደስታ አለ።

«አውራ ነው፣ አክስቴ» አላት ሳይደርስ። «ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ አረድኩት። ሐላል ነው።»

«ሐላልነቱንማ ማን ጠረጠረ። መቼ ገፈፍከው?»

«ትናንት ፀሐይ ስትገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቧራ እንዳይነካው በቆዳው ጠቅልዬ፣ ተንተርሼው አደርኩ።»

ዋድሓ ዓይኗን ጨፈነች። «ሌሊቱን ሙሉ በገዛ ቆዳው?»

«በግ ስናርድ እንደዚሁ አይደል የምናደርገው?»

«በግማ በግ ነው። በግ ጢሙ ላይ አይሸናም። ጢሙን በየትኛው እጅህ ያዝከው? ሥጋውንስ በየትኛው?»

ጂድዓን ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «ያሉኝ እነዚሁ ናቸው» አለ፤ ደስታውም ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ልጁ አሳዘናት። መንጋ ያለው ሰው ልጅ ነው፤ በግ ማረድ ከመናገሩ በፊት የለመደ፣ የዱር ሥጋን ጠባይ ግን ማንም ያላስተማረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥራ ሦስት ወር በፊት ጂድዓንና የልብ ወዳጁ ራካን በሒስማ ተራሮች ላይ አብረው ለአደን ወጡ። ጎህ ሲቀድ ከቋጥኝ ጀርባ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጂድዓን ዋልያ መስሎት ተኮሰ። የወደቀው ራካን ነበር። በደም ሕግ የጂድዓን አባት ሁወይሚል ድንኳኑን ነቅሎ ከዘመድ ከወገን ተሰደደ፤ በሌላ ጎሳ ጥላ ሥር፣ ከሰው ሁሉ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በዚህ ደረቅ ሸለቆ ተቀመጠ። የሟች አጎቶች ጂድዓንን ባገኙበት ሊጥሉት ምለዋል። ሽማግሌ ሲመላለስ ከርሞ በመጨረሻ የራካን አባት ዑቀይል እሺ አለ። ራሱ ይመጣል። ከሁወይሚል ገበታ ሥጋ ከበላ ደሙ ይቅር ተብሏል። ሳይበላ ከተነሳ ግን ጂድዓን ያለው ጊዜ እስከ ማግስቱ ፀሐይ መውጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያገኘው ይገድለዋል።

ለዚያ ቀን አንድ ሙክት ተቀልቦ ነበር። የሁወይሚል ሚስት ነውፋ በእጇ እፍኝ እፍኝ ገብስ እያጎረሰች ያሳደገችው፣ ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት። ትናንት ረፋዱ ላይ አንድ ግመለኛ፣ ፈረሰኛ እንኳ በማይደርስበት ፍጥነት ሲጋልብ መጥቶ፣ መንገድ ላይ ሊያርፉበት ያሰቡት ጉድጓድ ስለደረቀ እንግዶቹ ሁለት ቀን ቀድመው፣ በማግስቱ ከሰዓት፣ በዐስር ሶላት እንደሚደርሱ ተናገረ። ነውፋ በደስታና በድንጋጤ ወደ ሙክቱ ብትሮጥ፣ ማሰሪያውን በጥሶ፣ ለእንግዶቹ ፈረሶች የተቀመጠውን የገብስ ከረጢት ቀዶ ሲበላ አድሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ ተዘርሯል። ቢላ ሳይነካው ሞተ። በክት ሆነ ማለት ነው። ግመሎቹና በጎቹ ከእረኞቹ ጋር ሩቅ ግጦሽ ላይ ናቸው፤ ጎረቤት የለም። ጂድዓን ራካንን ከገደለበት ቀን ጀምሮ ያልነካውን ነፍጥ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አውርዶ ወደ ተራራ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ሁወይሚል ከድንኳኑ ወጥቶ ጥቅሉን ሲሸተው ፊቱን አዞረ። ነውፋ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ይህንን ውሻ ይበላዋል?» አለች።

«ይበላል» አለች ዋድሓ። «ሰውም ይበላል። ግን አሁኑኑ እጄ ይግባ።»

ነውፋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ዋድሓ ከሱለይብ ወገን ናት። ሱለይቦች ሚዳቋ እያደኑ፣ ድስት እየጠገኑ፣ በሽተኛ እያከሙ በአህያ የሚዞሩ፣ መንጋ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ባለ ግመሎቹ መድኃኒታቸውን ይጠጣሉ እንጂ ልጃቸውን አይድሩላቸውም። ዋድሓም ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ድንኳን ጥግ ተጠግታ ውሃ እየቀዳች ስትኖር፣ ነውፋ አንድም ቀን ወደ ምድጃዋ አስጠግታት አታውቅም።

«ያንቺ ነው» አለች ነውፋ በመጨረሻ፤ የመዳቡን ድስት እየገፋችላት። «ልጄ ነው እንግዲህ።»

ሁወይሚል ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽታውን ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ የሱለይቧ። በግ አርጊው። ዑቀይል ልጁ ከሞተ ወዲህ የአደን ሥጋ ድንኳኑ ደጃፍ አይደርስም ይባላል። ልጁ በምን እንደሞተ እያወቅሁ ዋልያ ላቅርብለት? ያውም በዚያው ነፍጥ የተመታ? ደግሞስ ከመንጋዬ ያልቀነስኩትን፣ ከተራራ የለቀምኩትን ባበላው አከበረኝ ይለኛል?»

ዋድሓ እጅጌዋን ሰበሰበች።

መጀመሪያ ጂድዓን የዋልያውን ራስ፣ ቀንዱን ይዞ፣ ከድንኳኑ በነፋሱ መውረጃ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ሥር እንዲያስቀምጥ አዘዘችው። ቆዳውንም እዚያው። ከዚያ እጇን በአመድና በአሸዋ እስከ ክርኗ ፈተገች። ሥጋውን ከቆዳው ለያይታ በንጹሕ አጎዛ ላይ ዘረጋችና፣ ጠጉር የነካውን፣ አንገቱንና የሆዱን ጠርዝ ሳትሳሳ እየቆረጠች ጣለች። ነውፋ የሚጣለውን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

«ግማሹን ጨረስሽው እኮ።»

«ሽታው ያለው እዚህ ነው። ለጥቂቱ ብዬ ሁሉን ላበላሽ?» ዋድሓ ቢላዋን በአሸዋ ጠርጋ ሌላ ቢላ አነሳች። የመጀመሪያው ጠጉር ነክቷል። «ስቡን አየሽ? የበግ ስብ ሲሳይ ነው። የዚህ ስብ ግን ጠላት ነው። ዋልያ ጠረኑን የሚደብቀው ስቡ ውስጥ ነው።»

ሞራውን ገፈፈች፤ ስቡን ፍቃ ፍቃ አወጣች። በጭኑ ጡንቻ መሀል እንደ ባቄላ ተሸሽጋ የተቀመጠችውን እጢ በጣቷ ፈልጋ፣ ሳትፈነዳ በቢላ ጫፍ አነሳቻት። ሥጋውን የሸፈነውን ነጭ ስስ ሽፋን ከዳር ይዛ ላጠችው። የቀረው ጥቁር ቀይ፣ ድርቅ ያለ ሥጋ ነበር፤ ከነአጥንቱ ዐሥር ሰው የሚያጠግብ። ከዚያ ውሃ ጠየቀች።

የውሃ ነገር ሲነሳ ነውፋ ተቆጣች። «ለእንግዶቹና ለፈረሶቹ ሦስት ስልቻ ነው ያለኝ።»

«አንዱን ስጪኝ።»

«ሥጋ ልታጥቢበት?»

«ደሙን ላወጣበት። ስጪኝ፤ ዛሬ እኔም አልጠጣም፣ አህያዬም አትጠጣም። በኋላ ወርጄ እቀዳልሻለሁ።»

ነውፋ ስልቻውን አወረደች። ዋድሓ በጨው ውሃ ነከረችው፤ ውሃው እንደ ቀላ ደፋችው። ደግማ ነከረች። ደገመችና ውሃው ገርጥቶ ሲወጣ ሥጋውን በጉልበቷ ጨመቀችው። ነውፋም ሳትጠራ ክንዷን ሰብስባ ከጎኗ ተቀምጣ መጭመቅ ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ብዙ ቆዩ።

«ለባልሽም እንዲህ ነበር የምትለፊው?» አለች ነውፋ።

«በየሳምንቱ። እሱ ደግሞ ሽታው አይሸተውም ነበር። ‹ምን ይሸታል?› ይለኝ ነበር ቀሚሴ ላይ እየተጠራረገ።»

ነውፋ ሳቀች፤ ዛሬ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወዲያው የልጇ ነገር ትዝ አላትና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዋድሓ የደረቀውን የእርጎ ድቡልቡል በውሃ በጥብጣ፣ ጎምዛዛውን ነጭ ጭማቂ በሥጋው ላይ አፈሰሰች፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ውሃውን ቀድታ እስክትመለስ፣ ፀሐይም ከራሷ በላይ እስክትሆን አልነካችውም። ከዚያ ጣደችው፤ ፈላ፣ አረፋው ገነፈለ፤ የመጀመሪያውን ውሃ ያለ ርኅራኄ ደፋችው። ድስቱን በአመድ አጥባ እንደገና ጣደች። አሁን አዲስ እርጎ፣ ከመዓን ገበያ የመጣ ደረቅ ሽንኩርት፣ ከቋጥኙ ሥር የለቀመችው ጦስኝ ገባ። በመጨረሻ ካለፈው ዓመት የቀረ፣ የቀለጠ ላት አንድ ማንኪያ ጨመረችና ድስቱን ከደነች።

ሁወይሚል እየመጣ ያሸታል። «ተስተካክሏል» ይላል። «በግ ነው፣ ወላሂ በግ ነው።»

«ትኩስ ሥጋ ይዋሻል» አለችው። አንዲት ቁራሽ አውጥታ ድንጋይ ላይ አቀዘቀዘች፤ ጠረን ብቅ የሚለው ሥጋ ሲቀዘቅዝ ነው። አፍንጫዋ ቀኑን ሙሉ ደንዝዟልና ወደ ሸለቆው አፍ ርቃ ሄዳ፣ ንጹሕ ነፋስ ስባ፣ ተመልሳ ቁራሿን አሸተተች፤ ቀመሰች። ምንም የለም። የጎመዘዘ እርጎ፣ ጦስኝ፣ ለስላሳ ሥጋ። ደስ አላት። ባሏ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ምናልባት ምንም።

አቧራው ከሸለቆው አፍ የታየው ያን ጊዜ ነው። ስምንት ፈረሰኞች ናቸው። ጂድዓን በሕጉ መሠረት ራሱን ገልጦ፣ ነፍጡን በአባቱ እግር ሥር ጥሎ፣ ከድንኳኑ ውጭ ቆመ። እንግዶቹ ወርደው ገቡ፤ ሰላምታው አጭር ነበር። ዑቀይል ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ፣ ጢሙን ሒና ያልነካው ሽማግሌ ነው። በጂድዓን በኩል ሲያልፍ አላየውም።

በሴቶቹ ክፍል ነውፋ ትልቁን የመዳብ ትሪ በቂጣ አንጥፋ፣ ዋድሓ ሥጋውን ስትደረድር፣ ሁወይሚል መጋረጃውን ገልጦ ገባ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፈታው። የሙክቱ ራስ ነው፤ ተላጭቶ፣ ተቀቅሎ፣ ምላሱ በጎን ወጥቶ።

«ይህንን ከላይ አስቀምጪው» አለ።

ለእንግዳ የታረደ በግ ራሱ በትሪው ላይ፣ ፊቱን ወደ ትልቁ እንግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ራስ የሌለው ትሪ የሰው ጥያቄ ያስነሳል። የዋልያ ራስ ደግሞ ቀንዱ የት ይደበቃል? ሁወይሚል ነገሩን ከጠዋት ጀምሮ ሲያስበው ውሏል።

ዋድሓ ሁለቱን እጆቿን በሥጋው ላይ ዘረጋች። «በክት ነው።»

«የሚበሉት ራሱን አይደለም።»

«በክት ከሐላል ጋር ሲነካካ ሐላሉም በክት ነው። ይህን ታውቃለህ፣ ጌታዬ። ይቅር ሊል የመጣ ሰው ነው። በክት ልታበላው ነው?»

«አንቺ ማን ነሽና ሃይማኖት ታስተምሪኛለሽ?» አላት ሁወይሚል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ልጅ ያለው አባት ነው። «ይኸው ነው መውጫዬ። ሌላ ካለሽ ንገሪኝ።»

ሌላ አልነበራትም። ዛሬ ማታ ከዚህ ድንኳን ቢያባርራት መሄጃ እንደሌላት ታውቃለች። ጂድዓን ትሪውን ሊሸከም ገብቶ በመጋረጃው በኩል ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ዋድሓ ወደ እሱ ዞረች።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ከቋጥኙ ጀርባ ማን እንዳለ አላየህም ነበር። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ያዘነልህ። ዛሬ ግን እያየህ ነው።»

ጂድዓን የሙክቱን ራስ ከአባቱ እጅ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወጣ። ሲመለስ የዋልያውን ራስ በቀንዱ ይዞ ነበር፤ ያ ጢም፣ ያ ክርፋት ድንኳኑን ሞላው። ነውፋ «ልጄ፣ ይገድሉሃል» ብላ ቀሚሱን ያዘች። ቀስ አድርጎ ጣቶቿን አላቀቀ። ትሪውን በአንድ እጁ ትከሻው ላይ ደግፎ፣ ራሱን በሌላው ይዞ ወደ ወንዶቹ ክፍል ገባ።

ዋድሓ በመጋረጃው ቀዳዳ ተመለከተች። ነውፋ ለማየት አልደፈረችም፤ ፊቷን በዋድሓ ጀርባ ደበቀች።

ጂድዓን ትሪውን በዑቀይል ፊት አኖረው። የዋልያውን ራስ ከትሪው ጎን፣ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሟች አጎቶች አንዱ ብድግ አለ፤ እጁ ጎራዴው እጀታ ላይ ነው። ሁወይሚል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለእርስዎ የተቀለበ ሙክት ነበረን፣ የራካን አባት» አለ ጂድዓን። ሰው ሁሉ ሽማግሌውን ዛሬም በልጁ ስም ነው የሚጠራው። «ትናንት ሞተ፤ ቢላ አልነካውም። ያለኝ ይሄ ነው። በዚያው ነፍጥ ነው የመታሁት። ሌላ ነፍጥ የለኝም። በግ ነው ልንልዎ ነበር፤ አልቻልኩም።»

ጎራዴው ከሰገባው ግማሽ ወጣ። ዑቀይል ሳይዞር እጁን አነሳ፤ አጎትየው ቆመ። ሽማግሌው ቀንዶቹን ለረዥም ጊዜ አያቸው፤ ቀለበቶቹን በጣቱ ቆጠረ።

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለ። «የት አገኘኸው?»

«ከላይኛው ምንጭ በላይ። ሊጠጣ ሲወርድ።»

«ራካንም ምንጭ ላይ መጠበቅ ይወድ ነበር። ትዕግሥት የለህም እለው ነበር፤ ለዚያ ግን ትዕግሥት ነበረው።» ከትሪው ቁራሽ አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አልበላም። አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ። «ሽታው የት ሄደ?»

«የሱለይቧ ሴት ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ አወጣችው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ዋድሓ ከመጋረጃው ጀርባ በአንድ ነገር የበደለች መሰላት። ዑቀይል ቁራሹን በትሪው ጠርዝ ላይ መልሶ አኖረ።

«ልጄ ከተራራ ሲወርድ እናቱ ደጅ ላይ ታስቆመው ነበር» አለ፤ ለማንም ሳይሆን። «ልብሱን ሳያወልቅ አታስገባውም። እኔም እቆጣው ነበር፣ ድንኳኑን አከረፋኸው እያልኩ። የሞተ ዕለት ሴቶቹ ልብሱን ሁሉ አጠቡት። መልካም ያደረጉ መስሏቸው ነው። እኔ ማታ ካባውን ሳነሳ ሳሙና ሸተተኝ። ሌላውንም አነሳሁ፤ ሁሉም ሳሙና ነው። ከልጄ አንዲት ነገር አልተዉልኝም። የአደን ሥጋ አታምጡብኝ ያልኩት ጠልቼው አይደለም። ፈርቼው ነው።»

ጎንበስ አለ። የዋልያውን ራስ በሁለት እጁ አነሳና ያንን የቆሸሸ፣ የተጣበቀ ጢም ፊቱ ላይ አደረገው። ወደ ውስጥ ሳበ። ጀርባው ተንቀጠቀጠ፤ የእንግዶቹም የአስተናጋጁም ሰዎች ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ ጎራዴ የመዘዘው አጎት ራሱ ተቀመጠ። ሽማግሌው ያለ ድምፅ አለቀሰ፤ ሲበቃው የዋልያውን ራስ ከጎኑ፣ እንደ እንግዳ፣ በክብር አስቀመጠው።

ሁወይሚል የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዞ ቀረበ። «እጅዎን፣ የራካን አባት።»

«አልታጠብም» አለ ዑቀይል። በዚያው በሚሸተው እጁ ከትሪው ቁራሹን አነሳ። ዓይኑን ወደ ጂድዓን አቀና፤ ከመጣ ጀምሮ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። «ተቀመጥ አንተ። ብቻዬን አልበላም።»

ነውፋ በዋድሓ ትከሻ ላይ ፊቷን እንደቀበረች ነበር። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች፤ የሚሆነውን አልሰማችም።

«ምን ሆነ?» አለች በሹክሹክታ። «ዋድሓ፣ እህቴ፣ ምን ሆነ?»

«በላ።»

«ዋጠው? በእርግጥ ዋጠው?»

«ዋጠው» አለች ዋድሓ፤ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «አሁን ለጂድዓን እየቆረሰለት ነው።»